ቅቤ፣ የሚረጋ ዘይት፣ ሱፍ፣ ኑግ ወይስ ተልባ? ለደጋ ቤት የሚሆን የስብ ምርጫ

እናቴ አምና ደም ግፊቷን ልትለካ ሄዳ "ስብ ይቀንሱ" ተብላ መጣች። በማግስቱ የቅቤው ጣሳ ለጎረቤት ተሰጠ። ዘይቱም ከምድጃው አጠገብ ተነስቶ ጓዳ ገባ። ሽሮው በውሃ ብቻ፣ ጎመኑ ቅቅል፣ ምስሩም እንደዚያው ሆነ። ይሄ ሁሉ ደብረ ብርሃን ላይ ነው፣ ያውም በታኅሣሥ ውርጭ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሳች፣ ቆዳዋ ደረቀ፣ ምግብ አልጥምሽ አላት። በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ትፈልግ ጀመር። መልሰን ስንወስዳት ሐኪሙ ደነገጠ። "እማማ፣ ይቀንሱ አልኩ እንጂ ያቁሙ መቼ አልኩዎት?" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ከልቤ ያዝኩት። እኛ አካባቢ ስለ ስብ ሲወራ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው። አንዱ "ቅቤ ያልገባበት ምግብ ምን ምግብ ነው" ይላል፣ ሌላው "ስብ ገዳይ ነው" ይላል። ሁለቱም ሰው ይጎዳሉ። ጥያቄው መብላት አለመብላት አይደለም። የትኛው ስብ፣ ለየትኛው ድስት፣ ለየትኛው ሰው የሚለው ነው።

መጀመሪያ፣ ሰውነት ስብ ምን ያደርግለታል?

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል። ጤፍና ገብስ ውስጥ ያለው ስታርች፣ ስኳሩም፣ ፕሮቲኑም በግራም 4 ብቻ ናቸው። ይሄ ለወፈረ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሆዱ ትንሽ ለሆነ ሕፃን ግን መድን ነው። ግን ስብ ማገዶ ብቻ አይደለም። እያንዳንዷ የሰውነታችን ሴል የተጠቀለለችበት ስስ ሽፋን የሚሰራው ከስብ ነው። አንጎል ውሃው ቢወጣለት ከሚቀረው ከግማሽ በላዩ ስብ ነው። ያ ስሙ የጠፋው ኮሌስትሮልም ቢሆን ጉበታችን ራሱ የሚያመርተው ነገር ነው፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች የሚሰሩትም ከእሱ ነው። ክፉ የሚሆነው ደም ውስጥ ሲበዛ ነው።

ሌላም አለ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚሟሙት በስብ ውስጥ ነው። ያለ ስብ አንጀት አይቀበላቸውም፣ ወይም በጣም ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል። ለዚህ ነው የእናቴ ቅቅል ጎመን ያንገበገበኝ። ጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር ዘይት ጠብ ካላለበት አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ብዙ አያስፈልግም። ለአንድ ሰው ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ካሮትም ዱባም እንደዚያው ናቸው።

ከዚያ ደግሞ ሰውነት ከምንም ነገር ሊሰራቸው የማይችላቸው ሁለት የስብ ዓይነቶች አሉ። አንዱ የኦሜጋ 6 ቤተሰብ የሆነው ሊኖሌይክ፣ ሌላው የኦሜጋ 3 ቤተሰብ የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ ነው። የግድ በአፍ መግባት አለባቸው። ቆዳ እርጥበቱን የሚይዘው በመጀመሪያው ነው፣ ለአንጎልና ለዓይን የሚሆነው ስብ የሚሰራው ከሁለተኛው ነው።

ልኩስ ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከሚገባው ካሎሪ ከስብ የሚመጣው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከዚህም ውስጥ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ማለትም የሚረጋው ስብ፣ ከጠቅላላው ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። ወደ ታችም ወሰን አለው፣ ከ15 በመቶ መውረድ የለበትም። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 30 በመቶው 66 ግራም አካባቢ ነው፣ የሚረጋው ደግሞ እስከ 22 ግራም። ይህችን 22 ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ቅቤ

ከቅቤ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በቅቤ ነው። የሸኖ ቅቤ ስሙ የወጣ ነው፣ ከመንዝ የሚመጣውም አይታማም። ጥሬው ቅቤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፣ ቀሪው ውሃና የወተት ትርፍራፊ። ሲነጠር ውሃው ይሄዳል፣ ዝቃጩም ይጠለላል፣ የሚቀረው ስብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቫይታሚን ኤ አለው፣ እሳት ይችላል፣ ጣዕሙን መቼም መናገር አያስፈልገኝም። ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት ሲነጠር ሽታው ሰፈሩን ይጠራል።

ችግሩ ከ100 ግራም ንጥር ቅቤ 60 ግራሙ የሚረጋ ስብ መሆኑ ነው። ይሄ ዓይነት ስብ ሲበዛ ኤልዲኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ውሎ አድሮ ደግሞ የልብ ደም ሥር ያጠባል። እሁድ ጠዋት የሚቀርበውን ገንፎ አስቡት። መሐሉ ላይ በጭልፋው ጀርባ ጉድጓድ ይደረጋል፣ አንድ ሲኒ የቀለጠ ቅቤ በበርበሬ ይሞላበታል። አንድ ሲኒ ወደ 60 ግራም ይይዛል። ከዚህ 36 ግራሙ የሚረጋ ስብ ነው። ለሦስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 ግራም ይደርሰዋል፣ ከ22 ውስጥ ከግማሽ በላዩ በቁርስ አለቀ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ማንንም አይገድልም። ጠዋት ገንፎ፣ ምሳ ክትፎ፣ ማታ ደግሞ በቅቤ ያበደ ሽሮ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። እኔ አንዴ ከአንዲት ሴት ሁለት ኪሎ ገዝቼ ሳነጥረው ድስቱ ሥር እንደ ገንፎ የሆነ ነገር ጠቁሮ ቀረ፣ ሽታው ሙዝ ነው። ሙዝም፣ ሞራም፣ የሚረጋ ዘይትም ይደባለቅበታል። ቅጠሉን ገልጣ "ቅመሺው እስቲ ልጄ" ስትላችሁ ከላይ ሳይሆን ከመሐል አስወጥታችሁ ቅመሱ። ነጋዴዋ ከፈቀደች ትንሹን በማንኪያ አቅልጡት። ንጹሑ ከላይ ጥርት ያለ ወርቃማ ሆኖ ይቀልጣል፣ ከሥር የወተቱ ነጭ ትንሽ ዝቃጭ ትቀራለች። የሚረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ግን ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል፣ እሱም ሲቀልጥ ጥርት ስለሚል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ደንበኛ መያዝ ነው። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል የሚለው ምርጫ የጣዕምና የዋጋ ጉዳይ ነው፣ በስቡ መጠን ያን ያህል አይለያዩም።

የሚረጋ ዘይት

ፓልም ነው። በቢጫ ጄሪካን የሚሸጠው፣ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ቤት የገባው። ከስቡ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ነው፣ በዚህ በኩል ከሱፍ ይልቅ ለቅቤ ይቀርባል። እኛ ደጋዎቹ አንድ ዕድል አለን፣ ብርዱ ራሱ ያጋልጥልናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ጄሪካኑን ስታዘነብሉት አይወርድም፣ በማንኪያ ይቆፈራል ወይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያው ዘይት ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ግን በሙቀቱ ውሃ መስሎ ይቀመጣል። ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን "የኛ አይረጋም" ብለው ይደሰታሉ። አይረጋም ማለት ፓልም አይደለም ማለት አይደለም። እዚያ ያለ ሰው ጽሑፉን ማንበብ አለበት። "የአትክልት ዘይት" ብቻ ብሎ የምን እንደሆነ ካልነገራችሁ ጠርጥሩ።

"ከኮሌስትሮል ነጻ" የሚለው ጽሑፍም አያታላችሁ። ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳ በሚመጣ ምግብ ውስጥ ነው። የትኛውም የእህል ዘይት በተፈጥሮው የለውም። ልብን የሚጎዳው ግን የሚረጋው ስብ ደማችን ውስጥ የሚያበዛው ኮሌስትሮል ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። አምስት ሰው ያለበት ቤት አምስት ሊትር ዘይት በወር ቢጨርስ ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ፓልም ከሆነ ከዚህ 15 ግራሙ የሚረጋ ስብ ነው፣ ሱፍ ከሆነ ግን ከ4 ግራም አይበልጥም። ያው ድስት፣ ያው ወጥ። ልዩነቱ ከ22 ውስጥ ለወተትና ለሥጋ የሚተርፈው ቦታ ነው። እኔ ገንዘቡ ካልበቃ የምመክረው ርካሹን አምስት ሊትር ከመግዛት ይልቅ ሦስት ሊትር የማይረጋ ገዝቶ ማብቃቃት ነው። እንዴት እንደሚበቃቃ ከታች እነግራችኋለሁ።

ሱፍ

ስሙ ራሱ ያደናግራል። ድሮ በጾም ፍትፍት የምንበላው እሾሃማው ሱፍ ሌላ ነው፣ ጠርሙስ ላይ ሥዕሉ ያለው ትልቅ ቢጫ አበባ ሌላ። ሁለቱም ዘይታቸው የሚረጋው ስብ 10 በመቶ አካባቢ ነው፣ አብዛኛው ያ የግድ ያልነው ሊኖሌይክ ነው። ለዕለት ወጥ የሱፍ ዘይት ጥሩ ምርጫ ነው። የተጣራው እሳት ይችላል፣ ሽታ የለውም፣ በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ የሚል ካገኛችሁ ደግሞ እሱን አስቀድሙ። ድካሙ ኦሜጋ 3 የሌለው መሆኑ ነው። ያን ከሌላ ቦታ መሙላት ያስፈልጋል።

ኑግ

ኑግ የኛው የኢትዮጵያ ነው፣ መጀመሪያ የተላመደው እዚሁ ሀገር ነው። ዘይቱ ከቢጫው የሱፍ አበባም በላይ ሊኖሌይክ አለው፣ ከ70 በመቶ ያልፋል። የሚረጋው ስብም ትንሽ ነው። በሰፈር መጭመቂያ ስታስጨምቁት ደግሞ ዘይቱን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ፋጉሎው ለከብት ይቀራል፣ ምንም የሚጣል የለም። ያልተጣራ ስለሆነ ጣዕሙ ይቀራል። እኔ ሽሮ ላይ ከሱፍ አስበልጠዋለሁ፣ ይሄ የግል ፍርዴ ነው።

ግን ያልተጣራ ዘይት ቶሎ ያረጃል። ሽታው የቆየ ለውዝ ሲመስል፣ ጉሮሮ ሲከረክር አልፎበታል ማለት ነው። ለወር የሚበቃችሁን ብቻ አስጨምቁ። ፍሬውን ስትገዙም እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱት፣ እርጥበት የነካው ወይም የሻገተ ከሆነ ተዉት። ለጥብስና ኃይለኛ እሳት ለሚፈልግ ነገር ደግሞ የተጣራው ይሻላል፣ ያልተጣራው ቶሎ ይጨሳል።

ተልባ

ብዙ ሰው የናቀው እሱ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምናገርለት እሱን ነው። ተልባ ደጋ ይወዳል፣ ገበያችን ላይ አይጠፋም። ከፍሬው 40 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፣ ከዚያ ስብ ደግሞ ከግማሽ በላዩ ሱፍም ኑግም የሌላቸው ኦሜጋ 3 ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገውን አልፋ ሊኖሌኒክ ይሸፍናል። ዓሣ ለማይደርሰን ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አያያዙ ላይ ነው ጥበቡ። ሳይፈጭ ከተዋጠ ልጣጩ ስለሚከላከለው እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ሞቅ እስኪልና መንጣጣት እስኪጀምር ብቻ ቆሉት፣ እስኪጠቁር አትጠብቁ፣ ከዚያ ውቀጡት ወይም ፍጩት። የተፈጨው አየር ሲያገኘው ቶሎ ስለሚያረጅ ለሳምንት የሚሆን ብቻ አዘጋጁ። ሳይፈጭ ያለው ፍሬ ግን ደረቅ ቦታ ለብዙ ወራት ይቆያል። ውሃው ይጠጣል፣ ፍትፍቱ ይበላል፣ ሽሮ ላይም ድስቱ ከወረደ በኋላ ነስነስ ይደረጋል። የተልባ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ በፍጹም እሳት ላይ አትጣዱት፣ ለመጥበሻ የሚሆን ዘይት አይደለም።

የቀሩትን ቶሎ ልለፍ። የመንዝ በግ ላት ለስለስ ያለ ስብ ነው፣ ኩላሊት ዙሪያ ካለው ሞራ ይልቅ የሚረጋው ያንሳል፣ ቢሆንም የበዓል ነገር ነው። በፋብሪካ የሚሰራው የአትክልት ቅቤ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። ፈሳሽ ዘይትን ለማጠንከር በከፊል ሃይድሮጅን ከተጨመረበት ትራንስ ፋት ይኖረዋል፣ ይሄ ከሁሉም የከፋው ስብ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከዕለቱ ካሎሪ 1 በመቶ እንኳ እንዳይሞላ ነው የሚለው። ይዘቱ ካልተጻፈበት አልገዛውም። የጎመን ዘር ደግሞ ምጣድ ማሰሻ ሆኖ ይቆይ። ጠርሙስ ውስጥ ከውጭ የሚመጣው የተሻሻለ ዝርያ ጥሩ ዘይት ነው፣ የሀገራችን የጎመን ዘር ግን ኤሩሲክ የሚባል አሲድ ስለሚበዛበት ለዕለት ምግብ አይመረጥም።

ለማን የትኛው?

ለሕፃን ሕጉ ሌላ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ አታላሱ። እናቶቻችን በፍቅር ያደረጉት ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚበቃው። የጡት ወተት ውስጥ ካለው ካሎሪ ግማሽ ያህሉ ከስብ ነው የሚመጣው፣ ፈጣሪ መጥኖ ሰጥቶታል። ከ6 ወር በኋላ ገንፎና አጥሚት ሲጀምር ግን በውሃ ብቻ የተሰራ ገብስ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያሳድገውም። በየሳህኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል አድርጉበት። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስብ መከልከል ልጁን መጉዳት ነው።

ዕድሜው ለገፋና ኮሌስትሮሉ ወይም ግፊቱ ከፍ ላለ ሰው፣ ለዕለት ሱፍ ወይም ኑግ፣ በየቀኑ ተልባ፣ ቅቤ በሳምንት አንዴ በማንኪያ ተለክቶ። ግፊት ካለ ደግሞ ከስቡ እኩል ጨዉን ተመልከቱ፣ እናቴ ቅቤውን ጥላ ጨዉን እንዳለ ትታው ነበር። የሐሞት ጠጠር ወይም የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ችግር ያለበት ሰው ልኩን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

የሚጾም ሰው ነገር ደግሞ ሰፊ ነው። እሮብና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ነቢያቱ፣ ፍልሰታው ሲደመር ምእመን በዓመት 180 ቀን አካባቢ ይጾማል። ግማሽ ዓመት ቅቤ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የዘይቱ ምርጫ ከቅቤው ምርጫ በላይ ይከብዳል፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ ፓልም የሚበላ ሰው ጾምኩ ቢልም ደም ሥሩ አልጾመም። ጤፍ፣ ገብስ፣ ምስርና ባቄላ በራሳቸው ያላቸው ስብ በጣም ጥቂት ነው። ዘይት የማይገባበት ጾም የሚጾሙ ሰዎች ኑግና ሰሊጥ ውሃውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን፣ ተልባውን ቢያዘወትሩ ስቡን ከነፍሬው ያገኙታል፣ አያቶቻችን ያደርጉ የነበረውም ይህንኑ ነው።

ዘይት ስለማብቃቃት ቃል ገብቼ ነበር። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። ሲይዝ በጠብታ ውሃ እያላቀቃችሁ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ዘይቱን ጨምሩ። ከጄሪካኑ በቀጥታ አታንቆርቁሩ፣ በሾርባ ማንኪያ ለኩ። አንዱ ማንኪያ 14 ግራም ገደማ ነው፣ ለአምስት ሰው ወጥ አምስት ማንኪያ በቂ ነው። የጠበሳችሁበትን ዘይት ደጋግማችሁ አትጠቀሙ። ከጠቆረ፣ ካረፋ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ስትገዙም መጥበሻውን አይታችሁ ግዙ። ዘይቱን ደግሞ ምድጃ አጠገብና መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ብርሃንና ሙቀት ነው የሚያበላሸው።

አሁን እናቴ ጓዳ አንድ ጠርሙስ ሱፍ፣ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ኑግና አንድ ቆርቆሮ ያልተፈጨ ተልባ አለ። የቅቤው ጣሳም ተመልሷል፣ አነስ ያለ ነው። ክብደቷ ተመለሰ፣ ዳቦና ሻዩም ቀረ። ጎመኑ ዘይት አለው። እሁድ እሁድ ገንፎ ታገነፋለች፣ ጉድጓዱን ግን በጭልፋው ጀርባ መሥራት ትታለች። አሁን የምትሠራው በሻይ ማንኪያ ጀርባ ነው።